የአንድ ቤት ሁለት አባወራዎች

ሬናል ዱሜን ፈሪ ነው የሚል ሰው በሸለቆው ውስጥ አይገኝም። በጥር ውርጭ፣ በረዶ በተቆለለበት ጣሪያ ላይ አካፋ ይዞ ሲንጎራደድ ያየው ሁሉ ምስክሩ ነው። ወንዙ ገና በወጉ ሳይጠጥር በረዶው ላይ ወጥቶ ዓሣ ለማጥመድ ሁሉን የሚቀድመውም እሱ ነው። ይህ ጀግና ታዲያ ለሚስቱ መጥፎ ወሬ መንገር የመጣበት ቀን ምላሱ ከላንቃው ጋር ይጣበቃል። ዛሬ እነግራታለሁ ይላል፤ እራት ይቀርባል፣ ልጆቹ ይንጫጫሉ፣ ነገ ይሻላል ይላል። ነገም ሲመጣ ሌላ ነገ አይጠፋም። ዓይን ውስጥ እያየ መዋሸት አይሆንለትም፤ ዝም ነው የሚለው። ትዳሩን የበላውም ይኸው ዝምታው ነው።

የተጣሉበትን ነገር መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። ታናሽ ወንድሙ የድንች መንቀያ ማሽን ሊገዛ ተበድሮ ሬናል ዋስ ሆኖ ፈረመለት። ወንድምየው መክፈል ሲያቅተው ባንኩ ወደ ዋሱ ዞረ። ሚስቱ ኦዲል ይህን የሰማችው ከባሏ አፍ አይደለም። ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ለቅዳሜው የባቄላ እራት ተሰልፋ፣ ሳህኗን እንደያዘች፣ ከኋላዋ የቆመች ሴትዮ "አይዞሽ የኔ እመቤት፣ ቤቱን እንኳ አይወስዱባችሁም" አለቻት። ኦዲል "የቱን ቤት?" ብላ ዞረች። ሰልፉ በሙሉ ጸጥ አለ። ዕዳው በኋላ እንደ ምንም ተከፍሎ አለቀ፤ ያ የሰልፉ ጸጥታ ግን ከኦዲል ጆሮ አልወጣም። በረዶው ሲቀልጥ "ከድሃ ጋር መኖር እችላለሁ፣ ከሚደብቀኝ ሰው ጋር ግን አልችልም" አለችው። እሱም እንደ ልማዱ ዝም አለ።

ሲለያዩ በአንድ ነገር ላይ ብቻ አልተከራከሩም። ዦዜ የዐሥር ዓመት ልጅ ናት፤ ወንድሟ ማቲዮ ሰባት ዓመቱ ነው። "ልጆቹ ሻንጣ አይሸከሙም" አለች ኦዲል። "የተጣላነው እኛ ነን፣ የምንንከራተተውም እኛው ነን።" ሬናልም በዚህ በሙሉ ልቡ ተስማማ። ልጆቹ ወንዙ ዳር ባለው ቤታቸው፣ በየአልጋቸው ቀሩ። እናትና አባት ሳምንት በሳምንት እየተፈራረቁ ይገባሉ። ተራው ያልሆነው ደግሞ ከብረታ ብረት ሱቁ ፎቅ ላይ የተከራዩዋት አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ይከርማል። ክፍሏም የጋራ ናት። ዓርብ ዓርብ አንዱ ሲወጣ አንዱ ይገባል፤ መንገድ ላይ ሲተላለፉ ከመሪው ላይ ሁለት ጣት ያነሳሉ። እዚህ ሰው ለማያውቀውም መንገደኛ ይህን ያህል ሰላምታ አይነፍግም።

እንግዲህ አንድ ቀን አብረው ሳያድሩ በአንድ አልጋ የሚተኙ፣ በአንድ ድስት የሚያበስሉ ባልና ሚስት ሆኑ። አንሶላው ብቻ ለየብቻ ነው። ኦዲል ክፍሏ ውስጥ ስትገባ ናፍጣ ናፍጣ የሚል ፎጣ ይቀበላታል። ሬናል ደግሞ ማቀዝቀዣው በር ላይ ቁራጭ ወረቀት ተለጥፎ ያገኛል፦ "የጤነኛ ሰው ካልሲ ዳቦ መጋገሪያ ውስጥ አይደርቅም።" እሱም ከሥሩ "መጋገሪያው ጠፍቶ ነበር፣ ሙቀቱ ብቻ ነው" ብሎ ይጽፍላታል። በሚቀጥለው ሳምንት "ይባስ" የሚል ይጨመርበታል። ከተለያዩ ወዲህ የተነጋገሩት ነገር ከሞላ ጎደል ይኸው ነበር።

ኦዲል የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ናት። ጎህ ሳይቀድ በየእርሻው በር እየቆመች የሰው ልጅ ትሰበስባለች፤ ከሰዓት ደግሞ ትበትናለች። ሬናል የወረቀት ፋብሪካው ሰው ሲቀንስ ከወጣ ወዲህ የሚያገኘውን ይሠራል። በበጋ ጫካ ገብቶ ግንድ ይጎትታል፣ በመከር ድንች ያመላልሳል፣ ክረምት ሲገባ ፒካፑ ላይ የበረዶ መጥረጊያ አስሮ የሰው ግቢ ይጠርጋል። ሀብታም አይደሉም፤ ሁለት ቤት መያዝ ደግሞ የሀብታም ሥራ ነው። ቀዳዳውን የሚደፍኑት በየዓመቱ ግብር ካሳወቁ በኋላ መንግሥት በሚመልስላቸው ገንዘብ ነው። የክፍሏ ኪራይና የማሞቂያው ዘይት ከዚያ ነው የሚወጡት።

ባለፈው መከር፣ ትምህርት ቤቱ ልጆቹን ለድንች ሥራ በለቀቀበት ሰሞን፣ በሬናል ሳምንት የቤቱ ማሞቂያ ሞተ። ጓደኛው ክሎቪስ የማሞቂያ ባለሙያ ነው። ምድር ቤት ወርዶ፣ በባትሪ አይቶ፣ በቡጢ መታ መታ አድርጎ "ነፍስ ይማር" አለ። አዲስ መግዛት ነበረበት። ሬናል ማንንም ሳያማክር ፋብሪካው ውስጥ ሳለ ያጠራቀማትን የጡረታ ቁጠባ ያለጊዜዋ አወጣት። ለስተርጅና የተቀመጠችውን ገንዘብ ነው። ማሞቂያው አብዛኛውን በላው።

እዚህ ላይ ታሪኩን ብናቆመው ሬናል መልካም አባት ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር። ግን ትንሽ ብር ተረፈች፤ ያን ዕለት ደግሞ አንድ ሰው ያገለገለ የበረዶ ሞተር፣ በረዶ ላይ እንደ ሞተር ብስክሌት የሚነዳ፣ በርካሽ ሊሸጥ ደጁ ላይ አቁሟል። ቢጫ ናት፣ ወንበሯ ትንሽ የተቀደደ። ሬናል አለፋት፣ ተመለሰ፣ ዞራት፣ ገዛት። ገዝቶም በክሎቪስ ጎተራ ውስጥ ሸራ አልብሶ ደበቃት። ክረምቱን ሙሉ የነዳት ሁለት ጊዜ ነው፤ በሁለቱም ጊዜ ደስታዋን ፍርሃቱ በላት። ለኦዲል የተወላት ወረቀት ላይ የጻፈው "ማሞቂያው ተስተካክሏል፣ ክሎቪስ አይቶታል" የሚል ነበር። ቃል በቃል ሲታይ ውሸት የለበትም። ራሱን ያጽናናውም በዚሁ ነው።

ከተለያዩ ወዲህ የመጀመሪያው የግብር ጊዜ ሲደርስ እንደ ሁልጊዜው ወደ ታንት ጀርቬዝ ሄደ። ታንት ጀርቬዝ የሬናል አክስት አይደሉም፤ የማንም አክስት አይደሉም፤ ግን ሸለቆው በሙሉ ታንት፣ አክስቴ፣ እያለ ነው የሚጠራቸው። ሟቹ ባላቸው ፀጉር አስተካካይ ነበሩ። ሲሞቱ ታንት ጀርቬዝ ሱቁን አልዘጉትም፤ መቀሱን አንሥተው የሰው ግብር የሚሞሉበት ኮምፒውተር አስገቡበት እንጂ። ሁለቱ የሚሽከረከሩ ወንበሮች፣ ግድግዳውን የሞላው መስታወት፣ የመላጫው ሽታ ሳይቀር እንዳለ ነው። ደንበኛ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፤ እሳቸው ከጀርባው ጠረጴዛቸው ላይ ሆነው በመስታወቱ ውስጥ እያዩ ይጠይቁታል። የራሱን ፊት እያየ የሚዋሽ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም ይላሉ።

"እሺ ሬናል፣ ቤት ውስጥ ስንት ናችሁ?"

"እኔና ሁለት ልጆች።"

"ሚስትህስ?"

"ተለያይተናል። እርስዎ አያውቁም እንዴ?"

"እኔ የማውቀውን አልጠየቅሁህም፣ አንተ የምትለውን ነው። ተፋታችኋል?"

"አልተፋታንም። እንዲሁ ነን።"

"ታዲያ ምን ብዬ ልጻፍህ?"

"አባወራ ይበሉኝ። አባወራ ሲሆን ግብሩ ይቀንሳል አሉ። ዦዜን እኔ ላይ ይጻፉልኝ፣ ማቲዮን ኦዲል ትጻፈው። እንዳንጣላ አንድ አንድ ተካፍለናል።"

ታንት ጀርቬዝ መነጽራቸውን አወለቁ። "ያንን በር ዝጋው" አሉ። ሬናል ተነሥቶ ዘጋና ተመለሰ።

"ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ አንድ ሰው እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጦ የዚያው የናንተ ቤት እማወራ ነኝ አለኝ። ማን እንደሆነ አልነግርህም፣ የደንበኛ ምስጢር ነው።"

"ኦዲል ናታ!"

"ከኔ አፍ አልወጣም። ስማ ልጄ፣ አንድ ቤት ሁለት አባወራ አያውቅም። የናንተማ ጭራሽ አንድም የለውም። ሳይፋታ አባወራ የሚባለው፣ ከዓመቱ አጋማሽ ወዲህ ባል ወይ ሚስት እዚያ ጣሪያ ሥር ያልኖረበት ሰው ነው። እናንተ ሁለታችሁም የምትኖሩት እዚያው ነው።"

"አንድ ቀን አብረን አድረን አናውቅም፣ ታንት! በማርያም!"

"ለኔ አትማልልኝ፣ እኔ ቄስ አይደለሁም። በሳምንቱ እሷ አለች፣ በሳምንቱ አንተ አለህ። መንግሥት አልጋችሁን አይቆጥርም፣ ቤታችሁን ነው የሚቆጥረው። ደግሞ ልጅ የድንች ጆንያ ነው እንዴ አንድ ላንተ አንድ ላንቺ የሚባለው?"

ሬናል መስታወቱ ውስጥ ፊቱ ሲቀላ አየ። ያን የመሰለ ብልሃት፣ ልጆቹን ከሻንጣ ያዳኑበት፣ እንዲህ ይዞራል ብሎ ማን ያስባል። እርግጥ ነው፣ እንደ ሌላው ሰው ቤት ለይተው ልጆቹን ቢያንከራትቱ ኖሮ ይህ ችግር አይመጣም ነበር።

"ታዲያ ምን ይሻለናል?"

"ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ ያገባን ነን ግን ለየብቻ ነው የምናሳውቀው ትላላችሁ። እሱ ቅጣት ነው በለው። ተመላሹ ይተናል። ያቺን የሱቅ ፎቅ ትለቃላችሁ፣ ከዚያ አንዳችሁ ሌላ ቤት ፈልጎ ይወጣል፣ ልጆቹም ሻንጣቸውን ያነሣሉ። ሁለተኛው፣ በአንድ ቅጽ አብራችሁ ታሳውቃላችሁ። ተመላሹ ደህና አድርጎ ይመጣል፣ ልጆቹም ከቤታቸው አይነቀነቁም።"

"እሱ ነዋ!"

"ቆይ፣ አትቸኩል። ሁለታችሁም ነው የምትፈርሙት። አንድ ቅጽ ማለት አንድ ራስ ማለት ነው። አንተ የደበቅከው ነገር ቢኖር እሷም ትጠየቅበታለች። ኦዲል ደግሞ..." ታንት ጀርቬዝ ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። መጨረስም አላስፈለጋቸውም። "ሐሙስ ከሰዓት፣ አውቶቡሷን ስትመልስ፣ ሁለታችሁም ኑ። በረዶ ከመጥረግና ከግንድ ሌላ ያገኘኸው ገቢ አለ?"

የጡረታው ቁጠባ ገቢ ነው፤ ሬናል ያውቃል። ያለጊዜዋ ስለወጣች ደግሞ ግብርም ቅጣትም አላት። አፉን ከፈተ። መስታወቱ ውስጥ አንድ አፉን የከፈተ ሰው አየና ዘጋው።

"ሐሙስ ሁሉንም አመጣዋለሁ" አለ።

ሳምንቱ የሱ ነበር። ማታ ኦዲል ደወለች፤ ታንት ጀርቬዝ ለሷም ነግረዋታል። ሬናል ስልኩን ይዞ ወደ ማገዶው ክፍል ገባ።

"ስሜን ካንተ ስም አጠገብ ዳግመኛ ላልጽፍ ምዬ ነበር፣ ታውቃለህ?" አለችው።

"አውቃለሁ።"

"ለልጆቹ ስል እመጣለሁ። መፈረሜን ግን እንጃ። አንድ ነገር እጠይቅሃለሁ፣ እዚያው።"

"አሁን ጠይቂኝ።"

"አይ። በስልክ አንተ ትጠፋለህ። እያየሁህ ነው የምጠይቅህ።"

ሲመለስ ዦዜ ምድጃው አጠገብ ቆማ ለእራት ባክዊት ከሚሉት እህል ቂጣ ትጋግራለች፤ አንድ ወገኑ ብቻ የሚበስለውን፣ የሸለቆውን። ማቲዮ ቅቤና ከሜፕል ዛፍ የሚቀዳውን ማር ይዞ እንደ ዘበኛ ይጠብቃል። ዦዜ ቂጣውን እያነሣች፣ ወደ አባቷ ሳትዞር፣

"ፓፓ፣ የሚወጣው ማነው? አንተ ነህ ወይስ ማማ?" አለችው።

"ከየት ነው የሚወጣው?"

"ከዚህ ነዋ። ግድግዳው ስስ እኮ ነው።"

"ማንም አይወጣም።"

"እርግጠኛ ነህ?"

እርግጠኛ አልነበረም፤ ስለዚህ ዝም አለ። ዦዜ ያንን ዝምታ ታውቀዋለች። በኋላ መኝታ ክፍሏ ሲገባ መጻሕፍቷን ሁለት ቦታ ደርድራቸዋለች፤ "እነዚህ ይሄዳሉ፣ እነዚህ ይቀራሉ" አለችው፣ ዕቃ እንደምታስረክብ ሠራተኛ፣ ሳታለቅስ። ብታለቅስ ይሻለው ነበር። ሬናል መብራቱን አጥፍቶላት ወጣና ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ከዕዳውም፣ ከመለያየቱም፣ ከሁሉም ያ የመጻሕፍት ክምር አንገበገበው።

እስከ ሐሙስ ድረስ ግቢ በጠረገ ቁጥር ፒካፑ ውስጥ ንግግር ሲለማመድ ከረመ። "ኦዲል፣ አንድ ነገር አለ" ይላል፣ በረዶውን ይገፋል። "ኦዲል፣ እንዳትቆጪ" ይላል፣ ማርሹን ወደ ኋላ ይመልሳል። የሚያሳፍር ሐሳብም መጣበት፦ ለታንት ጀርቬዝ ብቻ ቀስ ብሎ ቢነግራቸውስ? እሳቸው ቁጥሩን ከመሃል አንድ መስመር ላይ ይጽፉታል፣ ኦዲል መቼም መስመር በመስመር አታነብም፣ ፈርማ ትሄዳለች። መንግሥትም አይቀየም፣ ሚስትም አትቀየም። ሐሳቡ እንዲህ አሪፍ ሆኖ ሲታየው ራሱን ጠላ። የሰው ግቢ ውስጥ ሞተሩን አጥፍቶ "አንተ ሰውዬ አትማርም?" አለ ጮክ ብሎ። የግቢው ባለቤት በመስኮት ብቅ ብላ እጇን አወዛወዘችለት።

ሐሙስ ቀድሞ ደረሰ። ኦዲል ተማሪዎቹን በየደጃቸው አውርዳ፣ አውቶቡሷን መልሳ፣ የሥራ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ ገባች። "ሰላም" አለች፤ "ሰላም" አለ። ታንት ጀርቬዝ ሁለቱንም ወንበር በእጃቸው አሳዩ። ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከተለያዩ ወዲህ እንዲህ ተቀራርበው አያውቁም፤ ግን የሚተያዩት በመስታወቱ ውስጥ ነው። ሁለት ሰው አብሮ ፀጉሩን ሊቆረጥ የመጣ ይመስላሉ። ኦዲል ፀጉሯን አሳጥራዋለች። ሬናል እንዳማረባት ሊነግራት ፈለገ፤ ይህንንም እንደ ሌላው ለነገ አሳደረው።

ታንት ጀርቬዝ ነገሩን ሁሉ ደግመው አስረዱ። ኦዲል እስኪጨርሱ ሰማች። ከዚያ መስታወቱ ውስጥ የሬናልን ዓይን ፈለገችና አገኘችው።

"ከመፈረሜ በፊት" አለች፣ "የማላውቀው ነገር አለ?"

ጥያቄዋ ይኼው ነበር። ሬናል ሲለማመድ የከረመው ንግግር በሙሉ ጠፋው። ዦዜ የደረደረቻቸው መጻሕፍት ታዩት፤ ደግሞ ያ የባቄላው እራት ሰልፍ፣ እሱ ያልነበረበት፣ በሰው አፍ ብቻ የሰማው።

"አለ" አለ።

"እሺ።"

"የፋብሪካውን የጡረታ ቁጠባ አውጥቼዋለሁ። በመከር። ማሞቂያውን ክሎቪስ አልጠገነውም፣ አዲስ ነው የገዛሁት። ሳልነግርሽ። ግብርም ቅጣትም አለበት፣ ከተመላሹ ይቀነሳል።"

"ሁሉም ለማሞቂያው ነው የገባው?"

"አብዛኛው።"

"የቀረውስ?"

ሬናል ወንበሩ ላይ ዝቅ አለ። "የክሎቪስ ጎተራ ውስጥ ነው።"

"ብሩ?"

"ብሩ አይደለም። የበረዶ ሞተር ናት።"

ታንት ጀርቬዝ በድንገት ሳል ያዛቸው። ኦዲል ፊቷ አልተለወጠም።

"ቀለሟ ምንድነው?"

"ቢጫ። ወንበሯ ትንሽ ተቀዷል።"

"አሁንስ አለቀ?"

"አለቀ።" ትንሽ አሰበ። "አይ፣ አላለቀም። ካልሲዬን አሁንም መጋገሪያው ውስጥ አደርቃለሁ።"

ኦዲል ሳትወድ ሳቀች። አጭር ሳቅ ናት፣ ወዲያው መለሰቻት፤ ግን ሬናል መስታወቱ ውስጥ አይቷታል፣ ማንም አይወስድበትም። ከዚያ ኦዲል ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሯን አዙራ ፊት ለፊት አየችው።

"ለምንድነው የማትነግረኝ፣ ሬናል? እበላሃለሁ?"

"ስታዝኚብኝ ማየት አልችልም። ስታዝኚ ዓይንሽ ይጠፋብኛል፣ የማላውቅሽ ሰው ትሆኛለሽ። እሱን ስፈራ ነው።"

"ስትደብቀኝ አላዝንም ማለት ነው? ሳታየኝ ነው እንጂ የማዝነው። ለብቻዬ ነው።"

"አሁን ገባኝ።"

"አሁን?"

"በጣም ዘገየሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ።"

ኦዲል ወደ ታንት ጀርቬዝ ዞራ "ሁሉንም ጽፈው ሲጨርሱ ምን ይተርፈናል?" አለች። ሴትየዋ ለረጅም ጊዜ ቁልፎቹን ነካኩ። ተመላሹ ቀነስ ይላል፣ አሉ፤ ግን ለክፍሏ ኪራይና ለዘይቱ ይበቃል፣ ከተጠነቀቃችሁ ደግሞ እስከ መከር ያደርሳችኋል።

"ሞተሯ ትሸጣለች" አለች ኦዲል።

"ነገውኑ።"

"ነገ አይደለም። መጀመሪያ ልጆቹን አንድ ዙር አዙራቸው። በረዶው ሳይሟሽሽ።"

ወረቀቱን ተቀብላ ተነሥታ የፀጉር አስተካካዩ መደርደሪያ ላይ፣ ማበጠሪያዎቹ አጠገብ አስደግፋ፣ ከላይ እስከ ታች መስመር በመስመር አነበበችው። ለካ ታነባለች። ከዚያ ፈረመች። እስክሪብቶውን አቀበለችው፤ እሱም ከስሟ አጠገብ ስሙን ጻፈ። ተቻኩሎ ስለፈረመ ፊርማው የማቲዮን ይመስላል። ወጥተው በየመኪናቸው ሲገቡ ኦዲል የሁለት ጣቱን ሰላምታ አልሰጠችውም፤ ሙሉ እጇን አንሥታ "ፀጉርህን ተቆረጥ!" ብላ ጮኸችበት።

ሬናል ቤቱ ሲደርስ ልጆቹን እራት በልተው ሲጨቃጨቁ አገኛቸው። ማቲዮ ሳህን የማድረቅ ተራዬ አይደለም ብሎ አምልጦ ሶፋው ላይ ወጥቷል። ሬናል ጨርቁን ወሰደና ከዦዜ ጎን ቆመ።

"ማንም አይወጣም" አላት። "አሁን እርግጠኛ ነኝ። እናትሽና እኔ አብረን ፈረምን። ቤቱ እንዳለ ይቀጥላል፣ እናንተም እዚሁ ናችሁ።"

ዦዜ ሳህኑን ይዛ ቆመች። ውኃው ክንዷ ላይ ይወርዳል። "መጻሕፍቴን መመለስ እችላለሁ?"

"ሁሉንም መልሺያቸው።"

ራሷን ደጋግማ ነቀነቀች፤ ጉንጮቿ ቀሉ። ይህን ጊዜ ሬናል እዚያው ማቆም ይችል ነበር። ግን አንድ ጊዜ የተከፈተ አፍ ሆነበትና ሳያስበው ቀጠለ።

"ደግሞ የደበቅኋችሁ ነገር አለ። ለእናትሽ ዛሬ ነግሬያታለሁ፣ ለናንተም መንገር አለብኝ።"

"ቢጫዋ የበረዶ ሞተር?" አለች ዦዜ።

ሬናል የያዘው ብርጭቆ ሊያመልጠው ነበር። ማቲዮ ከሶፋው ላይ "ነገረን እንዴ?" ብሎ ጮኸ።

"ማነው የነገራችሁ?"

"ዞዊ ናት፣ የክሎቪስ ልጅ። አውቶቡስ ላይ ለሁሉም ተናገረችው። ማሞቂያውንም በፋብሪካው ቁጠባ እንደገዛኸው፣ ሞተሯንም እነሱ ጎተራ ውስጥ እንዳስቀመጥካት።"

"መቼ?"

"ድንቹ ገብቶ ትምህርት የተከፈተ ዕለት።"

"እናትሽም ሰማች?"

"ፓፓ፣ የምትነዳው እኮ እሷ ናት።"

ሬናል ወንበር ስቦ ተቀመጠ። መከር ነበር ያኔ። ክረምቱ ሙሉ አልፏል። ኦዲል ሁሉንም እያወቀች ያን የማሞቂያውን ወረቀት ማቀዝቀዣው ላይ አንብባለች፣ አዲሱ ማሞቂያ ያሞቀው ቤት ውስጥ ተኝታለች፤ ዛሬም መስታወቱ ውስጥ እያየችው፣ ቀለሟ ምንድነው ብላ ጠይቃዋለች።

"ምን አለች?" አለ።

"ያን ቀን ሁሉንም ልጆች አድርሳ እኛ ብቻ ስንቀር መኪናውን ጥግ አስይዛ አቆመች። ትንሽ አለቀሰች። ከዚያ፣ 'እንደምናውቅ ለፓፓ እንዳትነግሩት። ራሱ ይነግረናል' አለችን።" ዦዜ ሳህኑን አስቀመጠችና እጇን በቀሚሷ ጠረገች። "ዓርብ ዓርብ ስትመጣ ደግሞ ካፖርቷን ሳታወልቅ ትጠይቀናለች። 'ነገራችሁ?' ትላለች። አልነገረንም እንላታለን። 'ይነግራችኋል' ትላለች።"

ሬናል ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ማቲዮ ከሶፋው ወርዶ መጣና ሳቅ ይሁን ለቅሶ ሊለይ ከሥር አጎንብሶ አየው።

"ነገ ዓርብ ነው" አለች ዦዜ፤ እጇን አባቷ ጀርባ ላይ አድርጋ። "ስትጠይቀን፣ ነገረን ልበላት?"